ማጥቃት ያስመሰግናል፤ መከላከልስ?

ሰው ሁሉ የየራሱ ጠባይ እንዳለው የኳስ ቡድንም ጠባይ አለው። አንዱ ቸኩሎ አጥቂ ነው፤ ኳሱ እጁ እንደ ገባ ወደ ባላጋራው ቅርጫት ይከንፋል። ሌላው ታጋሽ ነው፤ መንገዱን አጥሮ፣ በሩን ዘግቶ፣ ባላጋራው እስኪሳሳት ይጠብቃል። ታዲያ አንድ ቡድን ይህን ጠባዩን ልለውጥ ብሎ ሲነሣ ምን ይገጥመዋል? ነገሩ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አሠልጣኙ በሰሌዳ ላይ ዐምስት ክብ ይሥላል፤ ከክቦቹ ቀስት ያወጣል፤ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እንጫወታለን» ይላል፤ አለቀ። እኔም በደረስጌ የመምህርነት ሥራዬን ስጀምር እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ጠመኔ በሰሌዳ ላይ እንጂ በልጆች ልብ ላይ እንደማይጽፍ ያወቅሁት ሁለት ዓመት ከፈጀ ትምህርት በኋላ ነው። ተማሪውም እኔ ነበርሁ።

አስቀድሜ ሜዳችንን ላስተዋውቅ። በሜዳው ጫፍና ጫፍ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል፤ በምሰሶው ላይ ጣውላ ተቸንክሯል፤ በጣውላውም ላይ ብረት ቀጥቃጭ ያጎበጠው ቀለበት አለ። መሬቱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ኳሱ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ወዴት እንደሚነጥር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሜዳው ዙሪያ በተማሪ ይሞላል፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ለክፍሌ ቡድን ተጫዋች ነበርሁና ልጆቹን እንዳሠለጥን ተሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት የተጠባባቂዎችን ወንበር በማሞቅ ነው።

ከልጆቹ መካከል አንዱ ቁመቱ የተለየ ነበር። ጓደኞቹ «ጅብራው» ይሉታል፤ በስሜን ተራራ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ጅብራ ይመስላል ማለታቸው ነው። ዕቅዴን ሁሉ በእርሱ ላይ ሠራሁ። ዕቅዱም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ኳሱን ለጅብራው ስጡ።» እርሱ ከቀለበቱ ሥር ይቆማል፤ አራቱ ኳሱን በዝግታ ያመጡለታል፤ እርሱም ዘወር ብሎ ያገባል። ስንከላከል ደግሞ ዐምስቱም ከቅርጫታችን ሥር ተሰብስበው የየቦታቸውን ይጠብቃሉ። ከአካባቢያችን ቡድኖች ጋር ስንጋጠም ይህ ዘዴ ሠራልን። እኔም በአንድ ደብተር የልጆቹን ስም በግራ፣ ያገቡትን ነጥብ በቀኝ እጽፍ ነበር። ሰኞ ጧት ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ ብዙ ነጥብ ያገባው ልጅ ስሙ ይጠራል፤ ተማሪው ያጨበጭባል። የሚጠራውም ሁልጊዜ የጅብራው ስም ነው። ይህን ደብተር አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን ዳባት ሄደን ተጋጠምን። ባላጋራዎቻችን በጅብራው ላይ ሁለት ልጅ መደቡ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ኳሱ ሊደርሰው አልቻለም። የቀሩት አራቱ ሌላ ነገር አልለመዱምና በሠርግ ላይ እንደ ተጠሩ እንግዶች ቆመው ተመለከቱ። 41 ለ 22 ተሸነፍን። በጭነት መኪና ላይ ሆነን ስንመለስ ቆሎ እንኳ የቆረጠመ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርሁ። የጨዋታው ታሪክ ራሱ በማጥቃትና በመከላከል መካከል የቆየ ሙግት መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 መጨረሻ፣ በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በብርዱ ምክንያት ደጅ ወጥተው መጫወት ላልቻሉ ተማሪዎቹ ብሎ ሁለት የኮክ ቅርጫት በአዳራሽ ውስጥ ሰቀለና 13 ደንብ ጻፈ። ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ሆነ። ዳሩ ግን ከጊዜ በኋላ አንድ ቀዳዳ ተገኘ፤ አንድ ቡድን ኳሱን ታቅፎ ቢቆም የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። የሚኒያፖሊስ ሌከርስ ቡድን ጆርጅ ማይካን የሚባል ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ኃይለኛ ተጫዋች ነበረው። በኅዳር 1950 የፎርት ዌይን ቡድን ኳሱን ከማይካን ለማራቅ ሲል ይዞ እየቆመ ጨዋታውን 19 ለ 18 አሸነፈ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ተመልካችን ስላሰለቸ በ1954 አዲስ ደንብ ወጣ፤ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ግዴታው ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79 ገደማ ወደ 93 ገደማ ከፍ አለ። በዝግታ የተገነባ ቡድን ሁሉ ወይ መሮጥ፣ ወይ መውደቅ ሆነበት።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ጠመኔዬን አነሣሁና «ከእንግዲህ እንሮጣለን!» አልሁ። ምክንያትም ነበረኝ። የስሜን ልጅ ጧትና ማታ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ ያደገ ነው፤ በቁመት ቢበለጥ በትንፋሽ አይበለጥም። ባላጋራን ገና ኳሱን ሲቀበል ጀምረን ሰው በሰው እንይዛለን፤ ነጥቀን እንሮጣለን፤ ዕረፍት አንሰጥም። ጅብራው ግን ሯጭ አልነበረም። ስለዚህ ከተጠባባቂዎች ጋር አስቀመጥሁት፤ ምክንያቱንም አልነገርሁትም። ያን ወንበር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሳሞቀው እንደ ነበር ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ አላሰብሁም።

አዲሱ ጨዋታ ለዓይን ደስ ይላል፤ ውጤቱ ግን ከፊተኛው የከፋ ሆነ። ሲያጠቁ ዐምስቱም ይከንፋሉ፤ ኳሱ ሲነጠቅ ግን የሚመለስ የለም። ቅርጫታችን በሩ ተከፍቶ እንደ ተተወ ቤት ሆነ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ «ተመለሱ!» እያልሁ እጮኻለሁ፤ ሰሚ የለም። ለምን እንደማይመለሱ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በዚህ መካከል ጅብራው መጀመሪያ ከልምምዱ፣ ቀጥሎም ከክፍል ቀረ። ሳምንት ሲሞላው ደነገጥሁ። ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ኳሱ ለልጆቹ መዝናኛ የተጨመረ ነገር ነው። እኔ ግን ለመዝናኛው ብዬ አንድ ተማሪ ላጣ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አባቱ የገብስ ማሳቸውን ሲያርሱ አገኘኋቸው። በሬዎቹን አቆሙና ከድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጡኝ። የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ይህን የግራውን በሬ ያዩታል? ዐምና በቀኝ ነበር የሚጠመድ። ጓደኛው ቢሞትብኝ ወደ ግራ አዞርሁት። ሦስት ቀን ሙሉ አላርስ አለኝ። ብመታው ባሰበት። ኋላ እያሻሸሁ፣ በስሙ እየጠራሁ፣ አዲሱን ወገኑን አስለመድሁት። በሬ እንኳ ወገኑን ሲለውጡበት ያኮርፋል። የኔን ልጅ ግን ምንም ሳይነግሩት ከቀንበር ፈቱት አሉ።»

የምመልሰው ጠፋኝ። «አጥፍቻለሁ፣ አባቴ» አልሁ። ልጁ ከቤቱ ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጠርቼ ለእርሱም ደገምሁለት። እንዲመለስ፣ በቡድኑም ውስጥ ሌላ ሥራ እንደምሰጠው፣ ይኸውም መከላከል እንደሆነ ነገርሁት። መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀኝ፤ «ቲቸር፣ የማላገባ ከሆነ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከአፌ አልወጣም። «ሰኞ ና፣ እነግርሃለሁ» ብዬ ተሰናበትሁ።

ስመለስ በደረስጌ ማርያም በኩል አለፍሁና ከአጥሩ ሥር አረፍ አልሁ። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ዘውድ ሊጭኑባት አስበው ነበር ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚሁ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። ካሣ ከዚያ በፊት ሽንፈትን ቀምሰዋል። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ በግብፆች መድፍና በሥርዓት በቆመ ወታደር ፊት ተሸንፈው፣ ከሽንፈቱ ተምረው የጦራቸውን አያያዝ ለማሻሻል ተነሥተዋል። እንግዲህ ጠባይን መለወጥ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዳሩ ግን ደረስጌ ላይ አጥቂ የነበሩትን ሰው ከ13 ዓመት በኋላ ታሪክ ሌላ ሥራ ሰጣቸው፤ በመቅደላ አምባ ሆኖ መከላከልን። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዓርብ የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲቀርብ፣ በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊት ከከፍታው ወርዶ በአሮጌ ሜዳ ላይ ገሠገሠ። ቶሎ ቶሎ በሚተኩሰው አዲስ ጠመንጃ ፊት ገብርዬም ብዙ ጓዶቻቸውም ወደቁ። ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም። እኔ ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ያሰብሁት ሌላ ነው። በአገራችን ፉከራው ሁሉ ለገሠገሠ፣ ለጣለ፣ ለማረከ ነው። «ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ዋልሁ» ብሎ የሚፎክር ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ቀን ትእዛዙ ከላይ ቢመጣም፣ ቁልቁል ሲወርዱ እግራቸውን ያቀለለው ከልጅነት ጀምሮ የሰሙት ቀረርቶ ይመስለኛል። ሰው የሚሄደው ወደሚመሰገንበት ነው።

ሰኞ ጅብራው መጣ። ከትምህርት በኋላ ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጥንና ስለ ቦስተን ሴልቲክስ ነገርሁት። ይህ ቡድን እስከ 1956 ድረስ ነጥብ በማዝነብ የታወቀ ነበር፤ ዋንጫ ግን አላገኘም። በዚያ ዓመት ቢል ራስል የሚባል ረጅም ወጣት መጣ። ራስል ከቀለበት የተመለሰውን ኳስ ይለቅማል፤ የባላጋራን ውርወራ በአየር ላይ ያግዳል፤ ያገደውንም ከሜዳ ውጭ ከመምታት ይልቅ ወደ ጓደኞቹ ያደርሰዋል፤ እነርሱም ይዘው ይከንፋሉ። ቡድኑ ማጥቃቱን አልተወም፤ ማጥቃቱን ከመከላከል መጀመርን ተማረ እንጂ። በ13 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ዋንጫ ወሰደ። ራስል ግን በአንዱም ዓመት በጨዋታ በአማካይ 20 ነጥብ አልሞላም።

ቀጥዬም በእኛው ዘመን የሆነውን አወራሁት። ጎልደን ስቴት ዎሪየርስ በ2015 ዋንጫ ሲወስድ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ስቴፈን ከሪ የሩቅ ውርወራ ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት በመከላከልም ከሊጉ ሁሉ አንደኛ እንደ ነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አንድሬ ኢጉዳላ የሚባለው ተጫዋች እስከዚያ ዓመት ድረስ በገባበት ጨዋታ ሁሉ ከመጀመሪያው የሚሰለፍ ነበር። አዲሱ አሠልጣኝ ስቲቭ ከር ከተጠባባቂዎች ጋር ተቀመጥ ቢለው እሺ አለ። በፍጻሜው ክሊቭላንዶች 2 ለ 1 ሲመሩ ከር ረጅሙን አንድሩ ቦገትን አስወጥቶ ኢጉዳላን ከመጀመሪያው አሰለፈ። ዋና ሥራውም ሌብሮን ጄምስን መያዝ ነበር። ዎሪየርሶች ሦስቱን ቀጣይ ጨዋታዎች አሸነፉ፤ የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተሸለመውም ከሪ ሳይሆን ኢጉዳላ ሆነ።

ጅብራው ይህን ሲሰማ ፈገግ አለና፣ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ ደግሞ የወጣው ረጅሙ ነው» አለኝ። አብረን ሣቅን። መልሴ ሙሉ እንዳልነበረ ሁለታችንም ዐውቀናል፤ ግን በማግስቱ ወደ ልምምድ መጣ።

በዚህ ጊዜ ጠመኔውን ከማንሣቴ በፊት ልጆቹን ሁሉ ሰብስቤ ምክንያቱን ነገርኋቸው። ጅብራው ከቅርጫታችን ሥር ይቆማል፤ የተመለሰውን ኳስ ለቅሞ፣ ወደ ታች ሳያወርድ፣ በሜዳው ዳር ለሚጠብቀው ልጅ ይወረውራል፤ ሩጫው ከዚያ ይጀምራል። ኳስ የተነጠቀ ሁሉ መጀመሪያ የሚራመደው ወደ ኋላ ነው። በትናንሽ ነገር ላይ ሳምንታት አለቁ። የጅብራው የመጀመሪያ ውርወራዎች የአጥር ተመልካቾችን ጋቢ መቱ። ልጆቹ ሲደክሙ ስለ ጎረቤታችን ስለ ደቡብ ሱዳን አወራላቸው ነበር። በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ ለአሜሪካ የተሸነፉት በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 101 ለ 100 ነው፤ በዚያው ወር በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ። በቅርጫት ኳስ የመጀመሪያ ኦሊምፒካቸው ነበር። «ረጅምም ፈጣንም መሆን ይቻላል ማለት ነው» አለ አንዱ ልጅ። ሌላው፣ «ረጅሙ ይጠብቅ፣ እኛ እንሩጥ» አለ። ዕቅዴን ከእኔ አሳጥሮ ተናገረው።

በሁለተኛው ዓመት እነዚያኑ ያሸነፉንን ልጆች ደባርቅ ላይ አገኘናቸው። እንደ ልማዳቸው በጅብራው ላይ ሁለት ሰው መደቡ። ነገር ግን ጅብራው ከቀለበታቸው ሥር አልነበረም፤ ከእኛው ቀለበት ሥር ነበር። ሁለቱ ጠባቂዎች የሚጠብቁት ጠፋቸው። እስከ ዕረፍት በ6 ነጥብ ተመራን፤ ከዕረፍት በኋላ ትንፋሻቸው አጠረ፣ የእኛ ልጆች ግን ገና መሞቃቸው ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ በ3 ነጥብ እየመራን ሳለ አንዱ ባላጋራ ብቻውን አምልጦ ወደ ቅርጫታችን ዘለለ። ጅብራው እጁን ዘረጋ፤ ኳሱን አገደ፤ ለቀመ፤ ወረወረ። ፊሽካው ሲነፋ 37 ለ 34 ነበርን።

በመኪናው ላይ ዘፈኑ ቀለጠ። ጅብራው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«ቲቸር፣ ስንት አገባሁ?»

ደብተሬን ከፍቼ አየሁ። «አራት» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ። ቆየና፣ «ስንትስ አስቀረሁ?»

ደብተሬን እንደገና አየሁ። ለዚህ የሚሆን ዐምድ አልነበረውም። ታሪክ አንብቤ፣ በደረስጌ ማርያም አጥር ሥር ስለ ፉከራ ተፈላስፌ፣ ስለ ራስል ሰብኬ፣ ደብተሬ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ስም በግራ፣ ነጥብ በቀኝ ነበር። ልጆቹ ለምን እንደማይመለሱ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በአፌ «ተከላከሉ» እላለሁ፤ ደብተሬ «አግቡ» ይላል። እነርሱም ያመኑት ደብተሩን ነው። ዕቅዱ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ፤ ክብሩ የሚሰጥበት ነገር ግን አንድ ጊዜም አልተለወጠም ነበር።

ይህ ነገር በኳስ ሜዳ ብቻ የሚቀር አይመስለኝም። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ አሠራር ይታወጃል፤ ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሠራተኛው ግን ምስጋናውና ዕድገቱ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ እግሩን ወደዚያው ያቀናል። ፋይል እንዳይጠፋ ሲጠብቅ የሚውለውን፣ ስሕተት ከመድረሱ በፊት የሚያርመውን፣ የሚቆጥርለት ካልተገኘ እርሱም አንድ ቀን፣ «የማላገባ ከሆነ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ማለቱ አይቀርም።

በዚያ ሌሊት በስልኬ መብራት በደብተሩ ላይ ሦስት አዲስ መስመር አሰመርሁ፤ ያስቀረው፣ ከቀለበት የለቀመው፣ ለጓደኛው ያቀበለው። መኪናው እየነቀነቀን ልጆቹ ከትዝታቸው እየተከራከሩ ሞሉልኝ። «ያቺን ረሳሃት፤ ከዕረፍት በኋላ ያገዳትን!» ይላል አንዱ፤ «እርሷስ ሁለት ትቆጠር!» ይላል ሌላው። ደረስጌ ስንደርስ የጅብራው መስመር ከሁሉም ረዝሞ ነበር።

ሰኞ ጧት ስሙ ተጠራ። ስንት እንዳገባ አልተነገረም፤ ስንት እንዳስቀረ ተነገረ። ተማሪው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ አጨበጨበ። እኔም ከዚያ ሰኞ ወዲህ በሜዳው ዳር ቆሜ «ተመለሱ!» ብዬ ጮኼ አላውቅም።